«ከ1914 በፊት የታተመ» የሚባለውን የማስታወቂያ ቴምብር ጥቅል ጀርባውን ሳታዩ እንዳትገዙ

የድሮ የማስታወቂያ ቴምብር፣ ማለትም የፖስታ ቴምብር መስሎ ለማስታወቂያ የታተመ ጀርባው ሙጫ ያለው ትንሽ ሥዕል፣ የምትሰበስቡ ሁሉ፣ በተለይ አዲስ ጀማሪዎች፣ ተጠንቀቁ። «50 የተለያዩ የጀርመን ቴምብሮች፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት የታተሙ፣ ሙጫቸው ያልተነካ» እየተባለ በጥቅል በሚቀርብ ዕቃ ውስጥ በስካነር ተነስቶ በቤት ፕሪንተር የታተመ ኮፒ ይቀላቀላል። ሻጩ የሚያሳየው ፊቱን ብቻ ነው፤ ኮፒ ለማድረግ የሚቀለውም ፊቱ ነው።

ማታለሉ የሚሳካው በቴምብሮቹ ጠባይ የተነሳ ነው። ደብዳቤ ለመላክ የሚያገለግል ዋጋ የላቸውም፤ ያሳተሟቸውም ፋብሪካዎች፣ ሱቆችና የኤግዚቢሽን አዘጋጆች ናቸው። አብዛኞቹ በመደበኛ የፖስታ ቴምብር ካታሎግ ውስጥ የሉም። ስለዚህ «የካታሎግ ዋጋው ይህን ያህል ነው» የሚላችሁን ሰው የትኛው ካታሎግ፣ ቁጥሩስ ስንት ነው ብላችሁ ጠይቁት። «ብርቅ ነው» ሲልም ቶሎ አትመኑ። እ.ኤ.አ. ከ1914 በፊት በነበሩት ጥቂት ዓመታት የጀርመን ድርጅቶች ለደንበኛ በነጻ ያድሏቸው፣ ልጆችም በአልበም ያጠራቅሟቸው ስለነበር፣ ተራዎቹ ዛሬም እንደ ልብ ይገኛሉ።

ዋናው ምርመራ ህትመቱ ነው። 10 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ይበቃል። የዚያ ዘመን ምርጥ ቴምብሮች በድንጋይ ህትመት፣ በሊቶግራፊ፣ የተሠሩ ናቸው፤ እያንዳንዱ ቀለም ለብቻው ስለሚታተም ቀዩ ሙሉ ቀይ፣ ጥቁሩ ሙሉ ጥቁር ነው። ሁለት ቀለም በሚገናኝበት ቦታ አንዱ በሌላው ላይ በፀጉር ስፋት ተደርቦ ይታያል። አሁን ጥቁር ፊደል ፈልጉና ዳሩን እዩት። በፊደሉ ዙሪያ የተበተነ ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ ነቁጥ ካለ የፕሪንተር ሥራ ነው። ነገር ግን ነቁጥ ባየን ቁጥር አንፍረድ፤ ከፎቶግራፍ የተሠሩ ትክክለኛ የድሮ ቴምብሮችም ነቁጥ አላቸው፣ የእነሱ ግን በረድፍ የተሰደረ ነው።

ቀጥሎ የአልትራቫዮሌት መብራት። ወረቀትን የሚያነጣው አንጸባራቂ ኬሚካል በስፋት የገባው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ስለሆነ፣ «የ1912» የተባለው ቴምብር ወረቀቱ ደማቅ ሰማያዊ ነጭ ካበራ ነገሩ አለቀ። አለማብራቱ ግን ዋስትና አይሆንም፤ ኮፒው ከድሮ መጽሐፍ በተቀደደ ባዶ ገጽ ላይም ይታተማል።

ጥርሱንም፣ ማለትም ቴምብሩን ለመቅደድ በዳሩ የተበሳው ቀዳዳ የሚተወውን ጫፍ፣ እዩ። ከጎረቤቱ ተቀድዶ የተለየ ቴምብር በጥርሱ ጫፍ ላይ ጭረት ጭረት የወረቀት ክር አለው፤ በመቁረጫ የወጣው ልሙጥ ነው። «ጥርስ ያልወጣለት የሙከራ ህትመት» ተብሎ በውድ የሚቀርበውን በማስመሪያ ለኩት፤ ጥርስ ካለው አቻው ካልበለጠ ጥርሱ ተከርክሟል ማለት ነው። የድሮ ሙጫ ቢጫ ይላል፣ ይሰነጣጠቃል። አዲስ ሙጫ የተቀባበት ደግሞ ሙጫው ወደ ጥርሶቹ ስለሚዘልቅ ጫፋቸው ለጣት ይቆረቁራል። ፊቱም ጀርባውም እኩል ቡናማ ከሆነ በሻይ ተነክሯል ብላችሁ ጠርጥሩ፤ ዕድሜ ያመጣው ቡናማነት ከዳር ይጀምራል፣ ነጠብጣብም ይሆናል።

ሁለት ሌሎች ወጥመዶች አሉ። የሙኒኩ ሠዓሊ ሉድቪግ ሆልቫይን ስሙን በሥዕሉ ላይ ያስቀምጥ ስለነበር ፊርማው አብሮ ይታተማል፤ «በእጁ የፈረመበት» ተብሎ ሲሸጥ አትክፈሉ። ሌላው፣ ለምሳሌ ኦሌ ዮርትስበርግ የሣለውን የ1912 የስቶክሆልም ኦሎምፒክ ቴምብር በዘመኑ አሮጌ ፖስታ ላይ ለጥፎ «አብሮ የተጓዘ» ማለት ነው። የፖስታ ቤቱ ማህተም ከቴምብሩ ወደ ፖስታው ሳይቋረጥ ካላለፈ በኋላ ተለጥፎ ሊሆን ስለሚችል፣ ተጨማሪ ክፍያ አይገባውም።

ከመክፈላችሁ በፊት የጀርባውን ፎቶ፣ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ጥራት የተነሳ ስካን፣ ከጎን ብርሃን የተነሳ የጥርስ ፎቶ ጠይቁ፤ የመመለስ መብታችሁንም በጽሑፍ ያዙ። ዕቃው ደርሶ ከተጠራጠራችሁ የፕሪንተር ቀለም ይለቅ እንደሆነ ለማየት ውኃ ውስጥ አትንከሩት። ትክክለኛ ከሆነ ሙጫውን ታጠፋላችሁ፣ ኮፒ ከሆነም ሻጩ «ያበላሸኸው አንተ ነህ» ይላል። እንደመጣ ፎቶ አንሱት፣ የመመለሻው ቀን ሳያልፍ አቤቱታችሁን አስገቡ።