ከሽሮ ሜዳ በላይ የሚሰጠው የበገና ትምህርት፦ ከአምስት ወር በኋላ የጻፍኩት ግምገማ

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ አካባቢ፣ በአንድ መኖሪያ ግቢ ውስጥ፣ ዘወትር ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሮ የበገና ትምህርት ይሰጣል። ታፔላ የለውም፤ ማስታወቂያም ወጥቶለት አያውቅም። መምህሩ ስማቸውም ሆነ የቤታቸው አድራሻ በአደባባይ እንዳይጻፍ ስለጠየቁኝ፣ ተማሪዎቻቸው እንደምንጠራቸው «የኔታ» እያልኩ እጽፋለሁ። ከጥቅምት ወር ጀምሮ ሳላቋርጥ ተምሬአለሁ፤ ከዚያ በፊትም ሌላ ቦታ ለሁለት ወር ከፍዬ ስለነበር የማወዳድርበት አለኝ። ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር፦ በገና መማር የሚፈልግ ሰው ስንት መዝሙር እንደሚያስተምሩት ከመጠየቁ በፊት መሣሪያውን ራሱ መቃኘት ያስተምሩት እንደሆነ ይጠይቅ፤ በዚህ መመዘኛ የኔታን የሚያህል መምህር እስካሁን አላገኘሁም።

በገና የመማር ምኞቱ ያደረብኝ በልጅነቴ ነው። በዐቢይ ጾም አያቴ የሽሮውን ድስት ጥደው፣ በርጩማቸው ላይ ቁጭ ብለው፣ ከሬዲዮ የሚወጣውን በገና ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡ ነበር፤ በዚያ ሰዓት በቤቱ ውስጥ የሚናገር ሰው አልነበረም። ካደግሁ በኋላ ግን የት ሄጄ እንደምማር ማወቅ ተቸገርኩ። በምሠራበት በአራት ኪሎ አካባቢ፣ በመብራት ምሰሶና በአጥር ላይ የሚለጠፈው ማስታወቂያ የመንጃ ፈቃድ፣ የኮምፒውተር፣ የልብስ ስፌትና የፀጉር ሥራ ነው፤ ሙዚቃ ከተባለም ጊታርና ኪቦርድ ይበዛል። ብዙ ሰንበት ትምህርት ቤቶች በገናና መሰንቆ ያስተምራሉ፤ ነገር ግን በእኛ ደብር ያለው ትምህርት የሚሰጠው ለወጣቶች ስለሆነ፣ አርባን ለተሻገረችና ልጆች ለምታሳድግ ሴት ሰዓቱ አልተመቸም።

በመጀመሪያ የተመዘገብኩበት ቦታ በስልክ ላይ በሚሠራጭ ማስታወቂያ ያገኘሁት ነበር። ክፍሉ ሰፊና ንጹሕ ነው፣ ወንበሩም ይመቻል፣ የምስክር ወረቀትም ይሰጣሉ። ተማሪዎቹ ሃያ ሁለት ነበርን፤ በገናው ግን ሰባት ብቻ ስለነበር ከአንድ ሰዓት ተኩል ትምህርት ውስጥ ግማሽ ሰዓት እንኳ መሣሪያውን ታቅፌ አላውቅም። ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነገር ነበር። እኛ ከመድረሳችን በፊት መምህሩ ሰባቱንም በገና ቃኝቶ ያቆያል፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን አውታር በቁጥር እየጠራ «አራት፣ ስድስት፣ ስምንት» እያለ ጣታችንን ያስከትለዋል። በሁለት ወር ውስጥ አንድ መዝሙር ከዳር እስከ ዳር ደረደርኩ፤ በዚህም ተደስቼ ከነርሱው አንድ በገና ገዛሁ። ቤቴ በወሰድኩት በሦስተኛው ቀን ግን ቅኝቱ ወረደ፤ ቁጥሮቹን እንደተማርኩት ብከተልም የሚወጣው ድምፅ መዝሙሩን አይመስልም። ደውዬ ስጠይቅ አምጥቼ እንዲቃኙልኝና ለዚያም እንድከፍል ነገሩኝ። የተማርኩት መሣሪያውን ሳይሆን የቁጥር ዝርዝር እንደነበር የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ለራሴ ብቻ አላዘንኩም፤ ከእኔ ጋር የተመዘገቡ ሁለት ተማሪዎች በገናቸውን ግድግዳ ላይ ሰቅለው ትተውታል፤ ቅር የሚያሰኘኝም ይኸው ነው።

የኔታን ያገኘሁት በዚያው ሰሞን አንድ አውታር ተበጥሶብኝ ነው። በገናውን በነጠላ ጠቅልዬ የሚጠግንልኝ ሰው ፍለጋ ሽሮ ሜዳ ወረድኩ፤ ጥበብና ኩታ ከሚሸጡት እናቶች አንዷን «እማማ፣ ይህን የሚሠራ ሰው ያውቃሉ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። እርሳቸውም «የሚሠራውስ አለ፤ እንደው ከሰጠሽው ግን ሳያስተምርሽ አይመልስልሽም» አሉኝና አንድ ልጅ አብሮኝ እንዲሄድ አደረጉ። የተናገሩት እውነት ሆነ። የኔታ የተበጠሰውን አውታር ራሳቸው አልቀየሩልኝም፤ አዲሱን በእጄ ሰጥተው፣ ጎኔ ተቀምጠው፣ ሁለት ሰዓት ያህል አለማመዱኝ።

መምህርን ጎረቤት ጠይቆ ማግኘት በበገና ታሪክ እንግዳ ነገር አይደለም። ታዋቂው የበገና ደርዳሪ መጋቤ ስብሐት ዓለሙ አጋ የተወለዱት በ1942 ዓ.ም. በዚሁ በእንጦጦ ሲሆን፣ በአሥራ ሁለት ዓመታቸው በገናን የጀመሩት የበገናው ሊቅ አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ከቤተሰባቸው ጎረቤት መጥተው በመኖራቸው ነው። መጋቤ ስብሐት ዓለሙም በኋላ፣ ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ፣ በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ለሰባት ዓመታት በገና አስተምረዋል። የአለቃ ተሰማ ቤት ሌላ ሰፈር ቢሆን ኖሮ ብዬ ሳስብ፣ በየመንደራችን ምን ዓይነት ባለሙያ ተቀምጦ እንደሆነ ሳንጠይቅ ማለፋችን ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ ትምህርቱ ልመለስ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቅዳሜዎች አንድም መዝሙር አልነካንም። የመጀመሪያው ቀን የበገናውን አካል በስሙ ማወቅ ነበር፦ ከላይ አግድም የተጋደመው ቀንበር፣ ግራና ቀኝ የቆሙት ሁለቱ ምሰሶዎች፣ ከታች በቆዳ የተለበጠው የድምፅ ሳጥን፣ አውታሮቹ የሚያርፉበት ብርኩማ፣ በቀንበሩ ላይ የሚዞሩት መቃኛ እንጨቶች። አሥሩ አውታሮች ከበግ አንጀት የተሠሩ ናቸው፤ አንጀቱ ታጥቦ፣ ተፍቆ፣ ተገምዶ ይደርቃል። ዛሬ ናይሎን የሚያስሩ አሉ፤ የኔታ አይከለክሉም፣ ነገር ግን ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ እያስመቱ ልዩነቱን በጆሯችን እንድንለይ ያደርጋሉ። አንጀት እርጥበት ስለሚስብ በዝናብ ወቅት ቅኝቱ ቶሎ ይዛባል፣ ቆዳውም ይላላል፤ እንደ እንጦጦ ግርጌ ባለ ቀዝቃዛ ቦታ መቃኘት የማይችል ተማሪ እንዴት እንደሚቸገር ከዚህ መገመት ይቻላል።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ቅዳሜ በሙሉ ለእንዚራ ተሰጠ። ይህን ያላየ ሰው በገና ያን እንደ ንብ መንጋ የሚነዝር ድምፅ ከየት እንደሚያመጣው አያውቅም፤ እኔም ከሁለት ወር ትምህርት በኋላ እንኳ አላውቅም ነበር። እንዚራ ጥፍር የምታህል ቁራጭ ቆዳ ናት፤ እያንዳንዱ አውታር በብርኩማው ላይ በሚያርፍበት ቦታ፣ በአውታሩና በእንጨቱ መካከል ትገባለች። የኔታ አንዷን አውታር ቃኝተው ሰጡኝና እንዚራዋን በጥፍሬ ጫፍ እንዳንቀሳቅሳት ነገሩኝ። ትንሽ ወደ ውስጥ ስገፋት አውታሩ ታፈነ፤ ስስባት ድምፁ ደረቅና ባዶ ሆነ። «ገና ነው» አሉኝ። እንደገና ገፋሁ። «ገና ነው፤ አትቸኩዪ»። ከሃያ ጊዜ በላይ ሳልሞክር አልቀረሁም፤ ክፍሉ ዝም ብሏል፣ ጣቴ ላብ አውጥቷል። ከዚያም የፀጉር ክር ያህል ዝቅ ሳደርጋት አውታሩ ድንገት ተከፈተ፤ ንዝረቱ በድምፅ ሳጥኑ አልፎ ደረቴ ላይ ተሰማኝ። የኔታ ምንም አላሉም፤ ፈገግ ብለው ወደሚቀጥለው አውታር ጠቆሙኝ። ያን ቀን የተስተካከሉልኝ አራት አውታሮች ብቻ ናቸው፤ አራቱንም ግን ያስተካከልኳቸው እኔው ነኝ።

ቅኝቱ ከዚያ በኋላ መጣ። ቅኝቶቻችን በአምስት ድምፆች የታነጹ በመሆናቸው፣ የኔታ መጀመሪያ የትዝታን ቅኝት በአፋችን እንድናዜም ያደርጉናል፤ ድምፁን በጉሮሮው ያልያዘ ተማሪ መቃኛውን እንዲነካ አይፈቅዱም። በገና በግራ በኩል ታቅፎ በግራ እጅ ጣቶች ይደረደራል። የኔታ ከአሥሩ አውታሮች ስድስቱን ያስመታሉ፤ የቀሩት አራቱ ጣት ከመታ በኋላ ተደግፎ የሚያርፍባቸው ናቸው፤ አሥሩንም የሚደረድሩ ባለሙያዎች እንዳሉ ግን አይሸሽጉም። ጣት አምስት፣ የሚመታው አውታር ስድስት ስለሆነ ሌባ ጣት ሁለት አውታር ይጠብቃል፤ ለእኔ ከሁሉም ያስቸገረኝ ይህ ነበር፣ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ሌባ ጣቴ መንገድ ይስት ነበር።

በአምስት ወር ውስጥ የያዝኳቸው መዝሙሮች ሦስት ናቸው። ቁጥሩ ትንሽ መስሎ የሚታየው ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። ሦስቱንም ግን ባልተቃኘ በገና ጀምሬ፣ ራሴ ቃኝቼ፣ ቤቴ ውስጥ ማንም ሳያግዘኝ እደረድራቸዋለሁ። የኔታ ከጣት እኩል የሚጨነቁት ለቃሉ ነው። የበገና ግጥም ስለ ሞት፣ ስለ ዓለም ከንቱነትና ስለ ምሕረት የሚናገር ስለሆነ ጮኾ መዘመርን አጥብቀው ይከለክላሉ፤ ድምፃችን ከአውታሩ ንዝረት በላይ ከወጣ እጃቸውን አንሥተው ያስቆሙናል። አንድ ቅዳሜ፣ ከመካከላችን በዕድሜ ትልቋ የሆኑት ጡረተኛ መምህርት፣ ባለቤታቸውን በቀበሩ በወሩ መጥተው፣ መዝሙሩን ከግማሽ በላይ መቀጠል አቃታቸው። የኔታ የእርሳቸውን መዝሙር ካቆሙበት ስንኝ ተቀብለው በዝግታ ጨረሱላቸውና «ለዛሬ ይብቃን» ብለው ትምህርቱን ዘጉ። የሚያስተምሩት ምን እንደሆነ የሚያውቁ ሰው ናቸው።

ጉድለቶቹንም መሸሸግ አልፈልግም። ትምህርቱ ስምንት ሰዓት ይጀመራል ቢባልም የኔታ የሚጠግኑት ዕቃ እጃቸው ላይ ካለ እስከ ስምንት ተኩል ይቆያል፤ ከሩቅ ለሚመጣ ሰው ይህ ቀላል አይደለም። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ከስድስት ተማሪ በላይ አይይዝም፣ መቀመጫውም ጀርባ የሌለው አግዳሚ በመሆኑ ወገብ ለሚያመው ሰው ይከብዳል። በጽሑፍ የሚሰጥ ነገር የለም፤ ያመለጠ ትምህርት የሚተካው ከሌላ ተማሪ በመጠየቅ ነው። የምስክር ወረቀት የሚፈልግ ሰውም እዚህ አያገኝም። በእኔ ግምት ከእነዚህ ሁሉ መታረም ያለበት የጽሑፉ ጉዳይ ነው፤ ቢያንስ የመዝሙሮቹ ቃል በአንድ ደብተር ቢሰፍር ለተማሪውም ለኋለኛውም ትውልድ ይጠቅማል። ይህንን ለየኔታ ነግሬአቸው ከተማሪዎቹ አንዱ መጻፍ ጀምሯል።

ክፍያው በወር 1,200 ብር ነው፤ መጀመሪያ ከከፈልኩበት ቦታ በ600 ብር ያንሳል። የመመዝገቢያ የሚባል የለም፤ የመጀመሪያው ቅዳሜ በነጻ ነው፣ ከዚያ በኋላ የኔታ ራሳቸው «ትቀጥያለሽ ወይስ አትቀጥዪም?» ብለው ይጠይቃሉ። አቅማቸው ለማይፈቅድ ተማሪዎች ክፍያውን ዝቅ እንደሚያደርጉ አይቻለሁ። በገና ለሌለው ተማሪ በክፍሉ ውስጥ የሚሠራባቸው ሦስት አሉ፤ ወደ ቤት ግን አይወሰዱም፣ ስለዚህ ከሁለተኛው ወር በኋላ የራስ መሣሪያ የግድ ያስፈልጋል። ለመግዛት የሚያስብ ሰው ራሱ መቃኘት እስኪችል ድረስ ቢቆይ ይሻለዋል። እኔ ጆሮዬ ሳይከፈት የገዛሁት በገና ብርኩማው ጠማማ ሆኖ ተገኝቷልና ሦስቱ እንዚራዎች እስከ ዛሬ አይረጉልኝም፤ የኔታ ብርኩማውን ከፋሲካ በኋላ እንደሚቀይሩልኝ ነግረውኛል።

ትምህርቱ ቶሎ በጉባኤ ፊት መዝሙር ማቅረብ ለሚፈልግ ሰው አይሆንም፤ እንዲህ ያለው ሰው ወደ ትልልቆቹ ክፍሎች ቢሄድ ይሻለዋል። በየትኛውም ቦታ ለመመዝገብ ለሚያስብ ሰው ግን ከልምዴ የማካፍለው አለ፦ ከመክፈሉ በፊት አንድ ሙሉ ትምህርት ቁጭ ብሎ ይመልከት፤ ተማሪው ስንት ደቂቃ መሣሪያውን እንደሚይዝ ይቁጠር፤ አውታሩን የሚቃኘው መምህሩ ይሁን ተማሪው ያስተውል። መምህሩን ለማግኘትም መሣሪያ የሚጠግኑትን፣ የባህል ዕቃ የሚሸጡትን፣ የደብሩን ሽማግሌዎች ይጠይቅ፤ ጥሩ መምህራን ብዙ ጊዜ ማስታወቂያ አይለጥፉም።

የኔታ በሁዳዴ አዲስ ተማሪ አይቀበሉም፤ በጾሙ 55 ቀናት ውስጥ ለጸሎትና ለዝክር የሚጠራቸው ሰው ስለሚበዛ ጊዜ የላቸውም። የሚቀጥሉት ስድስት ቦታዎች የሚከፈቱት ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ ባለው ቅዳሜ ነው። የሚመጣ ሰው የግራ እጁን ጥፍር አሳጥሮ፣ ሞቅ ያለ ጋቢ ወይም ሹራብ ይዞ ይምጣ፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ክፍሉ ይበርዳል።