ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ2 ለተማሪ፦ ይሻሻል ወይስ ይቀየር?

ታናሽ እህቴ የአካውንቲንግ ተማሪ ናት። ዘንድሮ የመመረቂያ ጽሑፏን ትሠራለች። ላፕቶፕዋ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ2 ነው፤ 5ኛ ጄኔሬሽን (ትውልድ) ኮር አይ ፋይቭ ፕሮሰሰር፣ 4 ጂቢ ራም፣ 500 ጂቢ ሃርድ ዲስክ። አሥር ዓመት የሞላው ማሽን ነው። ተሽጦ ሌላ ይገዛ ወይስ ይሻሻል የሚለው ቤት ውስጥ ብዙ አከራከረን፤ በመጨረሻ አሻሻልነው። ለእሷ ትክክለኛው ውሳኔ እሱ ነበር። ለሁሉም ተማሪ ግን አይሆንም፤ ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

ከሁሉ በፊት ችግሩ የቱ ጋ እንደሆነ እወቁ። የእሷ ላፕቶፕ በርቶ እስኪከፈት ቡና ይፈላ ነበር፤ ዎርድና ክሮም አንድ ላይ ከተከፈቱ ደግሞ ድርቅ ይላል። ሰው ይሄን ሲያይ «አርጅቷል» ብሎ ይደመድማል። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑና ማሽኑ በምን እንደተጠመደ የሚያሳየውን ታስክ ማናጀርን ክፈቱ። እኛ ስናየው ፕሮሰሰሩ ምንም አልተጨነቀም፤ ዲስኩ ግን 100 በመቶ ላይ ተለጥፎ አልወርድ ብሏል፣ ራሙም ጢም ብሏል። ሁለቱ ደግሞ ይያያዛሉ። ራም ማለት የተከፈቱት ፕሮግራሞች የሚሠሩበት ጊዜያዊ ማስታወሻ ነው፤ እሱ ሲሞላ ዊንዶውስ የተረፈውን ዲስኩ ላይ ማስቀመጥ ይጀምራል፤ ዲስኩ ደግሞ የሚሽከረከር ሰሌዳና ወዲያ ወዲህ የሚል ማንበቢያ ያለው የድሮው ዓይነት ከሆነ ብዙ ትንንሽ ፋይል በአንዴ ሲጠየቅ ይንቀራፈፋል። ኤስኤስዲ የሚባለው አዲሱ የዲስክ ዓይነት ግን የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ ልዩነቱን የሚያመጣው እሱ ነው።

መጀመሪያ የጠየቅነው ሱቅ ላፕቶፑን ከፍቶ እንኳን ሳያይ «ይሄ ጊዜው አልፏል፣ ጨምሪና ሌላ ውሰጂ» አላት። በዚህ በጣም ነው የተናደድኩት። የብር ምንዛሪ ሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የላፕቶፕ ዋጋ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ለአንድ ተማሪ ቤተሰብ «ሌላ ውሰዱ» ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ቢያንስ ክዳኑን ከፍቶ ማየት ይገባ ነበር።

ሁለተኛው ጋ ያለው ልጅ ግን ፊታችን ነው የሠራው። የዚህ ሞዴል ጥሩነቱ የጀርባው ክዳን በብሎን አለመታሰሩ ነው። መቆለፊያዋን ገፋ አደረጋት፣ ክዳኑን ሳብ አደረገው፣ ተከፈተ። ውስጡ አቧራ ብቻ ነው። ሁለት የራም ቦታ አለው፤ አንዱ ባዶ ነበር። ልጁ ያለውን ራም አውጥቶ ተለጣፊው ላይ «ፒሲ ስሪ ኤል» የሚለውን ፊደል በጣቱ አሳየን። ይቺን «ኤል» ልብ በሉ። የዚህ ዘመን ላፕቶፖች የሚፈልጉት በዝቅተኛ ቮልቴጅ የሚሠራውን ዲዲአር ስሪ ኤል ነው፤ ተራውን ዲዲአር ስሪ ብትገዙ ቦታው ላይ ልክክ ብሎ ይገባል፣ ማሽኑ ግን ላይነሳ ይችላል። ሌላ 4 ጂቢ ጨምሮ 8 አደረገው፤ ማሽኑ እስከ 16 ይቀበላል። ሃርድ ዲስኩን አውጥቶ በ256 ጂቢ ኤስኤስዲ ተካው። ኤስኤስዲውን ከመክፈላችን በፊት ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም አይተነዋል፤ ስንት ሰዓት እንደሠራና ጤንነቱ በመቶኛ ስንት እንደሆነ ይናገራል። አዲስ ተብሎ የተሸጠላችሁ ዲስክ ብዙ ሺህ ሰዓት ካሳየ መልሱት።

የድሮውን ዊንዶውስ እንዳለ ወደ አዲሱ መገልበጥ ይቻል ነበር። እኛ ግን ከባዶ አስጫንን፤ ካምፓስ ውስጥ ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የሚመጣውን ቫይረስ ሁሉ ይዞ መሻገር አልፈለግንም። አሮጌው ሃርድ ዲስክ አልተጣለም። በዩኤስቢ የሚሰካ ኬዝ ገዝተንለት የጽሑፏን ቅጂ ታስቀምጥበታለች።

ውጤቱ? ማብሪያውን ተጭና ደብተሯን ሳታወጣ ስክሪኑ ዝግጁ ነው። የሒሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ፣ ኤክሴልና ክሮም ከሃያ ምናምን ገጽ ጋር አብረው ይሠራሉ። ዙም ላይ ድምፅ መቆራረጡ ቀርቷል፤ ኔትወርኩ ካላስቸገረ በቀር ማለቴ ነው። የኪቦርዱ ጥራት ደግሞ ዛሬ በርካሽ ከሚሸጡት አዳዲስ ላፕቶፖች ይበልጣል፤ ረጅም ጽሑፍ ለሚጽፍ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ያልተፈታም አለ። ስክሪኑ ዝቅተኛው 1366 በ768 የሚባለው ነው፤ ሰፋ ያለ የኤክሴል ሠንጠረዥ አይበቃውም፣ ከጎን ሲታይም ቀለሙ ይጠፋል። ዋናው ችግር ግን ዊንዶውስ ነው። ዊንዶውስ 11 ከጥቂቶች በቀር ከ8ኛ ጄኔሬሽን በታች ያለ የኢንቴል ፕሮሰሰርን በይፋ አይቀበልም፤ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። ማይክሮሶፍት ለግለሰቦች አንድ ዓመት ተጨማሪ የደህንነት ዝማኔ ፈቅዷል፤ ሴቲንግ ውስጥ ዊንዶውስ አፕዴት ጋ ገብቶ መመዝገብ ነው። እህቴ ተመዝግባለች፤ እስክትመረቅ ይበቃታል። ገና አንደኛ ዓመት ብትሆን ኖሮ ምክሬ ሌላ ይሆን ነበር። በዊንዶውስ ምትክ የሚጫነው ሊኑክስ ሚንት ነፃ ነው፣ እንዲህ ያለ ማሽን ላይ ቀለል ብሎ ይሠራል፣ ወደ አዲሱ ሥሪት እስከተሻገራችሁ ድረስ ዝማኔውም አይቋረጥም፤ ለንባብ፣ ለጽሑፍና ለኢንተርኔት በደንብ ይሆናል። ፒችትሪ ግን የዊንዶውስ ፕሮግራም ስለሆነ ለአካውንቲንግ ተማሪ አልመክረውም።

አርክቴክቸር ወይም ሲቪል የምትማሩ ከሆነ፣ ሬቪትና አርኪካድ የሚባሉትን የሕንፃ ንድፍ ፕሮግራሞች የምትከፍቱ ማለት ነው፣ እዚህ ላይ ገንዘብ አታፍስሱ፤ ኤስኤስዲ የግራፊክስ ካርድን ቦታ አይተካም። ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ እንደ ማክቡክ ኤር ያለም ራም አይጨመርለትም። ማጠፊያው የተሰበረ፣ ቦርዱ አንዴ የተጠገነ ከሆነም ተዉት። የማሻሻያው ወጪ ደህና ያገለገለ ላፕቶፕ ከሚያወጣው ግማሽ ካለፈ እኔ በበኩሌ መግዛቱን እመርጣለሁ፤ ስትገዙ ደግሞ 8ኛ ጄኔሬሽንና ከዚያ በላይ ይሁን። በዚሁ በኤሊትቡክ መስመር ከሄዳችሁ 840 ጂ5ን ፈልጉ፤ 8ኛ ጄኔሬሽን ያለበትን መሆኑን ግን አረጋግጡ፣ በ7ኛም ስለወጣ።

ባትሪውን በተመለከተ፣ ኮማንድ ፕሮምፕት በሚባለው የትዕዛዝ መጻፊያ ላይ «ፓወር ሲኤፍጂ» ብላችሁ ክፍተት፣ ወደ ቀኝ ያጋደለ መስመር፣ «ባትሪ ሪፖርት» በሚሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት (ሁለቱም ቃላት በውስጣቸው ክፍተት የላቸውም) ስትጽፉ ባትሪው አዲስ ሳለ ስንት ይይዝ እንደነበረና አሁን ስንት እንደሚይዝ የሚያሳይ ገጽ ያወጣላችኋል። የእህቴ ከግማሽ በታች ወርዷል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ይሄ ከፍጥነት እኩል ያሳስባል። ገበያ ላይ ያለው ቅጂ ባትሪ ስለበዛ፣ ተመሳስሎ የተሠራውን ከመግዛት ከተበላሸ ተመሳሳይ ላፕቶፕ የወጣ ኦሪጅናል ተፈልጎ፣ እዚያው ሱቅ ተሰክቶ፣ ሪፖርቱ ታይቶ ቢገዛ ይሻላል ብለን እየፈለግን ነው።