«አሮጌው እንጨት የእኛ» የሚል ውል እንዳትፈርሙ

ደብረ ማርቆስ፣ ደጀን፣ ቢቸና፣ ሞጣ የቆየ የእንጨትና የጭቃ ቤት ያላችሁ ይቺን አንብቡ። «ቤታችሁን ሳናፈርስ አድሰን፣ ከጓሮ ዘመናዊ ኩሽናና ሻወር እንቀጥላለን» እያሉ የሚዞሩ አሉ። ዋጋቸው ከሌላው በጣም ይረክሳል። ጉዱ ያለው ውሉ ውስጥ ነው፤ «ከቤቱ የሚወጣው አሮጌ እንጨት የሠሪው ይሆናል» ይላል።

ይህን ውል በፈረመችው በአክስቴ ቤት ቋሚው ጽድ፣ በርና መስኮቱ ዋንዛ ነበር። ዛሬ እንዲህ ያለ እንጨት እንደ ልብ አይገኝም። ግርጌዋ የበሰበሰ አንዲት ቋሚ «ሞታለች» ብለው ነቀሏት። ደህና አናጢ ቢሆን የበሰበሰውን ብቻ ቆርጦ አዲስ እግር ይቀጥልላት ነበር። በመጋዝ ስትቆረጥ ውስጧ ቀይ፣ ሽታዋ ግቢውን የሚሞላ። «ይቺ ናት የሞተችው?» አለች አክስቴ። መልስ የለም፤ አይሱዙ ላይ ጫኗት። በሮቹም ተከተሉ። ለካ ርካሽ ያሉት ቀሪውን ሂሳብ በእንጨቱ ሊወስዱ ኖሯል!

በምትኩ የገባው እርጥብ ባሕር ዛፍ ነው። ሲደርቅ ተጣመመ፤ በሩ በትከሻ ካልተገፋ አይዘጋም። የጭቃውን ግድግዳ ደግሞ በሲሚንቶ ለሰኑት። ሲሚንቶ ጭቃን አጥብቆ አይዝም። በስንጥቁ የገባ ውሃም መውጫ ያጣና ማገሩን ያበሰብሳል። ከአሁኑ ልስኑ በጣት ሲንኳኳ ውስጡ ባዶ የሆነ ድምፅ ይሰጣል። በጭድ ታቦክቶ የሰነበተ ጭቃ፣ ከላይ ኖራ ቢሆን ይበቃው ነበር።

የብሎኬቱን ቅጥያ ከአሮጌው ግድግዳ ጋር ዝም ብለው አጣበቁት። ብሎኬትና እንጨት እኩል አይንቀሳቀሱም፤ መጋጠሚያው ተሰነጠቀ። ሁለቱ ጣሪያ የሚገናኝበት ቦታ አሸንዳ የለውም። የሐምሌን ዝናብ ታውቁታላችሁ።

ለማደስ ያሰባችሁ፣ እንጨቱን አንድ በአንድ ቁጠሩና ፎቶ አንሱት፤ የባለቤቱ መሆኑ ውሉ ላይ ይጻፍ። የሚገባው እንጨት ዓይነትና መድረቁም ይጻፍ። ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ መጠገን አይቻልም፤ መጀመሪያ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ጠይቁ። «ካስረከብን በኋላ አያገባንም» ቢሏችሁ አትስሟቸው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 3039 ተቋራጩ ለሠራው ሥራ ጥንካሬ 10 ዓመት ኃላፊ ነው ይላል። ስለዚህ ውሉም ደረሰኙም እጃችሁ ላይ ይኑር። የመጨረሻውን ክፍያ ደግሞ ክረምቱ ሳይወጣ እንዳትለቁ።