ሰይፌን ዝቅ አድርጌ እንድቆም ላስተማሩኝ እትዬ

ወገኖቼ፣ በተለይ ፍራንክፈርትና አካባቢው ያላችሁ፣ ይህን ሳልጽፍ አንድ ዓመት አለፈኝ። ትናንት ማታ ከሰይፍ ልምምድ ስመለስ ባቡር ውስጥ ቁጭ ብዬ አሰብኩት። እኚህን ሴት በሰው ፊት ሳላመሰግን መቆየቴ ከነከነኝ። ስማቸውን እዚህ አልጠራም፣ እሳቸውም አይወዱም። እኔ እትዬ ነው የምላቸው። ትርጉሙን ነግሬያቸው፣ አሁን እትዬ ስላቸው አቤት ይላሉ።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ኤርፖርት ካርጎ ነው የምሠራው። ዕቃ ሳነሳ ስጥል ቀኝ ትከሻዬ ተጎዳ። ክንዴ ከትከሻዬ በላይ አልወጣ አለ። ሸሚዝ የምታለብሰኝ ባለቤቴ ነበረች። አምስት ወር ቤት ዋልኩ። ሥራ ለምዶ በድንገት ቤት የዋለ ሰው ውስጡ ምን እንደሚሆን የደረሰበት ያውቀዋል። ከሰው ጋር ማውራት አስጠላኝ። ቤተክርስቲያን እንኳ ከኋላ ቆሜ፣ ሳይጨርሱ ነበር የምወጣው።

ልጄ 15 ዓመቷ ነው። የጥንት የአውሮፓ ሰይፍ ፍልሚያ መማር ፈለገች። በሁለት እጅ የሚያዘው ረጅሙ ሰይፍ ነው። ልምምዱ ስለት በሌለው ብረት፣ በማስክና በወፍራም ጓንት ነው የሚካሄደው። ብቻዋን አልልካትም ብዬ አብሬ ሄድኩ። ሐኪሜንም ጠየቅኩ። ቀስ ብለህ ከሆነ ተንቀሳቀስ፣ ጥሩ ነው አለኝ።

የመጀመሪያው ቦታ በሄድን በሁለተኛው ቀን አንድ ጎረምሳ ጣቴን በኃይል መታኝ። አውራ ጣቴ ጥቁር ሆነ። አሠልጣኙ አንዴ አየት አድርጎኝ «ስፖርቱ እንዲህ ነው» ብሎ ዞረ። በረዶ እንኳ ያመጣልኝ ሰው የለም። ልጄ ናት በውሃ ጠርሙስ ያቀዘቀዘችልኝ። ሁለተኛው ቦታ ደግሞ የስድስት ወር አስቀድመን ካልከፈልን አይሆንም ተባልን፣ ከፈልን። ከዚያ እኔን ጥግ አስይዘው ረሱኝ። አንድ ቀን ሰይፉን ወደ ላይ ማንሳት ሲያቅተኝ፣ ክንድህን ካላነሳህ ሰይፍ አይሆንህም፣ ቁጭ ብለህ ልጅህን ተመልከት አሉኝ። ያውም ልጄ ፊት። ገንዘባችን አልተመለሰም። ገንዘቡ ይቅር፣ ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ ልጄ እጄን ይዛ አንድም ቃል አልተናገረችም። እሱ ነው እስካሁን የሚቆጨኝ።

ሦስተኛውን ቦታ ያገኘችው ልጄ ናት። አንድ ጊዜ ብቻ አባዬ፣ ለሙከራ ልምምድ አይከፈልም አለችኝ። እሺ ያልኳት ለእሷ ስል ነው።

እትዬ ከስልሳ ያለፉ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት ናቸው። ማን እንደሆንኩ፣ ከየት እንደመጣሁ አልጠየቁኝም። ክንዴን ሳነሳ አዩኝ። የት ላይ እንደቆመ አዩ። ምንም አላሉም። ማስካቸውን አጠለቁና ፊት ለፊቴ መጥተው ቆሙ። ቀኝ እግራቸውን አስቀድመው፣ ሁለት እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው፣ የሰይፋቸውን ጫፍ ወደ መሬት አወረዱ። ልክ የደከመው ሰው አካፋ ይዞ እንደሚቆም። ጭንቅላታቸውንም ደረታቸውንም የሚከልል ሰይፍ የለም። «ምታኝ» አሉኝ።

እኔ አዘንኩ። እናቴን የሚያክሉ ሴት ናቸው፣ በምን እጄ ልምታ? «ግዴለህም፣ ምታኝ» አሉ። ክንዴ በሚችለው ልክ ሰነዘርኩ። ያየሁት ነገር ቢኖር የሳቸው አንድ እርምጃ ነው። የኔ ሰይፍ አየሩን ቀዝፎ አለፈ። የሳቸው ጫፍ ከታች ተነስቶ ማስኬ ወንፊት ላይ፣ ከአፍንጫዬ ትይዩ ቆመ። ሲነካኝ እንኳ ቅርጭ ብሎ ብቻ ነው፣ አልገፉኝም። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦

«አየህ፣ አዘንክልኝ። ያዘንክልኝ ጊዜ ነው የያዝኩህ። አሁን አንተ እንዲህ ቁም። ለዚህ ክንድህን ማንሳት አያስፈልግህም።»

ወገኖቼ፣ ወንድ ልጅ ማስክ ውስጥ ሲያለቅስ አይታይም። አለቀስኩ።

ከ600 ዓመት በፊት ገደማ ዮሐንስ ሊሽተናወር የሚባል ጀርመናዊ የሰይፍ መምህር ነበር። ትምህርቱ በአራት አቋቋም ላይ የቆመ ነው። ሁለቱ ከላይ ናቸው፦ አንዱ በሬ ይባላል፣ ሰይፉ እንደ ቀንድ በራስ ትይዩ ይያዛል። ሌላው ሰይፉን ወደ ላይ ከፍ አድርጎ መቆም ነው። ሁለቱ ከታች ናቸው፦ ማረሻ እና ሞኝ። እትዬ የቆሙት ሞኝ የሚባለውን ነው፣ በጀርመንኛው አልበር። ዮአኪም ማየር የሚባል መምህር እ.ኤ.አ. በ1570 ስትራስቡርግ ላይ ባሳተመው መጽሐፍ የስሙን ምክንያት ጽፎታል። ለመምታት ሳይዘጋጁ ቆሞ ሌላው እስኪሰነዝር መጠበቅ የሞኝ ጠባይ ነው ይላል። ለኔ ግን ይህ አቋቋም ቅኔ ነው። ሰሙ ድካም ነው፣ ወርቁ ከታች የሚነሳው ጫፍ ነው። ለእትዬ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» የሚለውን ተረታችንን ተርጉሜ ስነግራቸው ማስታወሻቸው ላይ ጻፉት።

ማረሻ የሚለውን ስሰማ ደግሞ ሌላ ነገር ሆንኩ። አባቴ ጎጃም ውስጥ ገበሬ ነበር። በሬና ማረሻ እዚህ ፍራንክፈርት አዳራሽ ውስጥ የሰይፍ ስም ሆነው ስሰማ አላመንኩም። ለእትዬ ነገርኳቸው። ልምምዱን አቁመው አባትህ እንዴት እንደሚይዙ አሳየኝ አሉኝ። አንድ እጄን እንደ እርፍ አድርጌ እጀታው ላይ አሳረፍኩ፣ ሌላው እጄ ወደ ጎን ተንጠለጠለ። «ያኛው ምን ይዟል?» አሉኝ። ጅራፍ አልኳቸው። «እንግዲያው ጅራፉን አስቀምጠውና እጅህን አምጣው» ብለው ሁለተኛውን እጄን እጀታው ላይ አስያዙኝ፣ ጫፉን ወደ ባላጋራዬ ፊት ቀና አደረጉት፣ በቃ። አባቴ ካረፈ 11 ዓመቱ ነው። ያን ያህል በቅርብ ያስታወስኩት ቀን የለም።

እትዬ ሰውን አያሞኙም። ዝቅ ያለው አቋቋም አደጋው ምን እንደሆነም በዚያው ሳምንት አሳዩኝ። ከላይ ቀጥ ብሎ አናት ላይ የሚወርድ ምት አለ፣ ሞኙን የሚሰብረው እሱ ነው። ስለዚህ ርቀትህን ጠብቅ፣ ባላጋራህ ሲጠጋህ እዚያው እንደቆምክ አትቆይ ይሉኛል። መቶ ጊዜ ብለውኛል። አንድም ቀን ተቆጥተው አያውቁም።

ባለፈው ወር ከክበቡ ረጅም ልጅ ጋር ተጋጠምኩ። ሰይፌን አወረድኩ። ትከሻው ላላ ሲል አየሁት። ገባ፣ ሰነዘረ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩና ጫፌን ደረቱ ላይ አሳረፍኩ። ልጁ ራሱ «ገባ!» ብሎ እጁን አነሳ። ልጄ ከዳር ሆና ጮኸች። እትዬ አንድ ጊዜ ብቻ አጨበጨቡና «አሁን ሞኙ ማን ነው?» አሉኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1487 ንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ 3ኛ ለሰይፍ መምህራን ማኅበር ፈቃድ ሲሰጥ፣ የማኅበሩ ስም የቅዱስ ማርቆስ ወንድማማቾች ነበር። መምህራኑ የሚፈተኑት እዚሁ ፍራንክፈርት፣ በትልቁ የገበያ ሰሞን ነበር። እኛ የማርቆስን ስም እየጠራን ያደግን ሰዎች በዚህ ከተማ ባዕድ መስሎ ከሚታየን ነገር ጋር እንዲህ እንገናኛለን። ይህንንም የነገሩኝ እትዬ ናቸው።

አሁን ሸሚዜን ራሴ ነው የምለብሰው። ሥራ ተመልሻለሁ፣ ቀለል ያለ ክፍል ሰጥተውኛል። ትከሻዬን ያዳነው ፊዚዮቴራፒው ነው፣ ያን አልክድም። ፊዚዮቴራፒ እንድሄድ ከአልጋ ያስነሳኝ ግን ሐሙስ ሐሙስ እትዬ ይጠብቁኛል የሚለው ነው።

እባካችሁ፣ ዕድሜዬ ገፋ፣ ጉልበቴ ያመኛል፣ ጀርመንኛዬ አይረባም የምትሉ ሁሉ ኑ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ። የመጀመሪያው ቀን አይከፈልም። ሰይፉም ማስኩም ጓንቱም እዚያው አለ፣ ግዙ አትባሉም። ሴቶች በተለይ ኑ፣ እትዬ ደስ ይላቸዋል። አድራሻውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እልካለሁ፣ ፈቅደውልኛል። አብሬያችሁም እመጣለሁ።

እትዬ፣ ልጄ ይህን ተርጉማ ታነብልዎታለች። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ሐሙስ ባለቤቴ ድፎ ዳቦ ጋግራ ትልካለች፣ እራት እንዳይበሉ።