ለ«እንግሊዝኛ በ21 ቀን» ብር ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት ያላችሁ፣ ልጅ ወይም ወንድም እንግሊዝኛ ልታስተምሩ ያሰባችሁ፣ እባካችሁ እኛ የተታለልነው ይበቃል።

ደብረ ብርሃን መናኸሪያ አካባቢ የተለጠፈ ማስታወቂያ አይተን ታናሽ ወንድሜን አስመዘገብነው። 4,500 ብር። እናቴ መሃል ሜዳ በግ ሸጣ የላከችው ነው። ደረሰኝ ስንጠይቅ «በኋላ ትወስዳላችሁ» አሉን፣ እስከ ዛሬ የለም። የሰጡት ፎቶ ኮፒ የተደረገ ሃንድአውትና ቴሌግራም ላይ የሚለቀቅ ድምፅ ብቻ ነው።

ከብሩ በላይ ያንገበገበኝ ግን ሃንድአውቱ ውስጥ ያለው ነው። አድቨርብ (ድርጊቱ እንዴት፣ የት ወይም መቼ እንደተደረገ የሚናገር ቃል) ማለት ቃሉ ላይ «ሊ» መጨመር ነው ይላል፣ አለቀ። ወንድሜ ይህን አምኖ ለአንድ ፋብሪካ ማመልከቻ ሲጽፍ «አይ ወርክድ ሃርድሊ» አለ። ጠንክሬ ሠርቻለሁ ማለቱ ነበር። «ሃርድሊ» ግን እምብዛም ማለት ነው፣ ስለዚህ «እምብዛም አልሠራሁም» ብሎ ሥራ ጠየቀ ማለት ነው። ትክክሉ «አይ ወርክድ ሃርድ» ነው፣ ያለ «ሊ»። ሥራውን አላገኘም። በዚህ የተነሳ ነው ብዬ አልምልም፣ ግን ያንን ደብዳቤ ባሰብኩት ቁጥር ያመኛል።

ቀጥሎ የቃላቱ ተራ። «እማዬ ትናንት ገበያ ላይ በጉን ቶሎ ሸጠች» እንላለን፣ ግሱን መጨረሻ ላይ እናሳርፋለን። እንግሊዝኛ ግሱንና የተሸጠውን ነገር ያስቀድምና እንዴት፣ የት፣ መቼ የሚለውን አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ ተራ ያስከትላል፦ «ማይ ማዘር ሶልድ ዘ ሺፕ ኩዊክሊ አት ዘ ማርኬት የስተርደይ»። «የስተርደይ» ከፈለገ ፊት ይመጣል፣ ችግር የለውም። በ«ሶልድ» እና በ«ዘ ሺፕ» መሃል ግን «ኩዊክሊ» አይገባም፤ ሃንድአውቱ እዚያው መሃል ሰንቅሮት ነው ልጆቹን የሚያስጠናው።

ፕሪፖዚሽን (እንደ እኛ «በ» ያለው መስተዋድድ) ላይ ደግሞ «በ» ማለት «ኢን» ነው ብሎ ዘጋው። የእኛ «በ» እኮ ስንቱን ይሸከማል! በሰኞ ዕለት «ኦን መንደይ» ነው። ጠዋት በሁለት ሰዓት «አት ኤይት ኦክሎክ» ነው። በመኪና «ባይ ካር»፣ በቢላ «ዊዝ ኤ ናይፍ»። «ኢን» የሚሆነው እንደ «ኢን ጁላይ» ባለው ነው። ፓስት ቴንሱም ያው ነው፣ «አልሄደም» ለማለት «ዲድ ኖት ዌንት» ተብሎ ተጽፏል። ያለፈውን ጊዜ «ዲድ» ከያዘው ግሱ «ጎ» ሆኖ ይቀራል።

ይህን ሁሉ ያሳዩኝ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር ጎረቤታችን ናቸው። «ልጄ፣ ጨርሶ ባይማር ይሻለው ነበር፣ አሁን ማስረሳቱ ነው የሚከብደው» አሉኝ። ሃንድአውቱን ይዤ ሻጩ ጋ ስሄድ «ወንድምህ አልገባውም» ብሎ መለሰኝ።

ስለዚህ ሳትከፍሉ ሃንድአውቱን አስወጡና የአድቨርቡን ገጽ እዩ። «ሃርድ» እና «ፋስት» ያለ «ሊ» እንደሚሠሩ ካልተጻፈ ጥላችሁ ውጡ። አንድ ቀን በነፃ ተቀምጦ ለማየት ጠይቁ። ደረሰኝ ሳይቆረጥ ብር አታውጡ። የትምህርት ቤት መጽሐፉ ላይ ሰዋስው አለ፣ ኢንተርኔት ካላችሁ የቢቢሲ ለርኒንግ ኢንግሊሽ በነፃ ነው።

እኔ ሰኞ የከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ልሄድ ነው። እዚያው ከፍላችሁ የተማራችሁ ካላችሁ በውስጥ ጻፉልኝ፣ ሃንድአውታችሁን ይዛችሁ አብረን እንግባ።