ገናን በጎንደር ላሳመረልን አስጎብኚ

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ!

ዘንድሮ ገናን ያከበርነው ጎንደር ነው። ይህን የምጽፈው ፋሲል ግቢን ያስጎበኘንን ወጣት ከልቤ ላመሰግነው፣ እናንተም ስትሄዱ እሱን እንድትፈልጉ ነው።

እናቴን ጉልበቷን ያማታል። ልጆቹ ደግሞ አንድ ቦታ መቆም አይችሉም። እንዲህ ያለ ቤተሰብ ይዞ መዞር ምን ያህል እንደሚከብድ የሞከረ ያውቀዋል። አስጎብኚያችን ገና በር ላይ እናቴን አይቶ መንገዱን ለወጠው። «እማማ፣ ደረጃውን ይተዉት። ጥላው ሥር አረፍ ይበሉ፣ ታሪኩን ከዚሁ እጀምርልዎታለሁ» አላት። ከተቀመጠችበት ሆና የዐፄ ፋሲል ግንብ ፊት ለፊት ይታያታል። በየማዕዘኑ ያሉትን ክብ ግንቦች፣ እላያቸው ላይ የተደፉትን እንቁላል የመሰሉ ጉልላቶች እያሳየ ተረከላት። እሷም «ይሄኛውስ የማን ነው?» እያለች ጥያቄ አበዛችበት። አንዱንም በችኮላ አልመለሰላትም።

ለልጆቹ ሌላ ዘዴ ነበረው። የበሮቹን ስም ያስጠናቸዋል፤ ዳኞቹ የሚገቡበት ወንበር በር፣ ሙዚቀኞቹ የሚገቡበት እምቢልታ በር። የአንበሶቹ ቤት ጋ ስንደርስማ ጮቤ ረገጡ።

እኔን የማረከኝ ግን ሐቀኝነቱ ነው። የዐፄ ኢያሱን ቤተ መንግሥት ሲያሳየን፣ በዘመኑ በዝሆን ጥርስና በመስታወት ያጌጠ እንደነበር ነገረን። ጣሪያው ኮርቻ ይመስላል። ጉዳቱ ከየት እንደመጣም አልሸፋፈነም። ጣሊያን ግቢውን ይዞት ስለነበር እ.ኤ.አ. በ1941 የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ደበደቡት። ደብረ ብርሃን ሥላሴን በተመለከተም እንዲሁ ነው። የሱዳን ደርቡሾች በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያቃጥሉ ይህ ቤተክርስቲያን መትረፉ ታሪክ ነው። የንብ መንጋ ወጥቶ አባረራቸው የሚለውን ግን «ይሄ አባቶቻችን ሲናገሩ የሰማነው ነው» ብሎ ለየልን። ሁለቱን ሳይቀላቅል የሚነግርህ አስጎብኚ ስንት አለ?

የዋዜማውን ሌሊት ያሳለፍነውም እዚያው ሥላሴ ነው፤ እሱ መክሮን። ሕዝቡ ሳይበዛ ቀድመን እንድንገባ አጥብቆ ነገረን። በዚህም እናቴ ጥሩ ቦታ አግኝታ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ቅዳሴውን ተከታተለች። ከጣሪያው ላይ የሚያዩዋትን የመላእክት ፊቶች እስካሁን አውርታ አልጠገበችም።

በበዓሉ ዕለት ከሰዓት በኋላ ደግሞ ያልጠበቅነውን አደረገ። ከቤቱ ጫፋቸው ቆልመም ያለ ሁለት የገና ዱላዎችና ሩር ይዞ መጣ። ከግቢው ውጭ፣ ጃን ተከል ዋርካው አካባቢ፣ ልጆቹን አጨዋወቱን አሳያቸው። የሰፈሩ ልጆችም ተቀላቀሉ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እያሉ ሲጨፍሩ ትንሿ ልጄ ሩሯን መትታ አፈር በአፈር ሆና መጣች። ይሄ ከተነጋገርንበት ሥራ ውጭ ነው። በዓሉን ከቤተሰቡ ጋር መዋል ሲችል ነው ለእኛ ጊዜውን የሰጠው።

ዋጋውን ሳንገባ ተስማምተን ስለነበር ስንጨርስ አንድም ጭማሪ አልጠየቀም። ጉርሻውን እኛው ደስ ብሎን ሰጠነው።

ስምና ስልኩን እዚህ አልለጥፍም። የምትሄዱ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ባጅ ያለው፣ ሥራውን አክባሪ ልጅ ነው። በተለይ አረጋውያን ወይም ሕፃናት ይዛችሁ ከሆነ ዓይናችሁን ሳታሹ እሱን ያዙ።

ለጥምቀት ያሰባችሁ ግን ዛሬውኑ ጠይቁኝ። ጥር 10 ታቦታቱ ወደ ፋሲል ባሕረ ጥምቀት ሲወርዱ ከተማው በእንግዳ ይጥለቀለቃል፤ ያኔ ማረፊያም አስጎብኚም ማግኘት ጭንቅ ነው።