ባለ 83 እጥፉ ዙም ወይስ አሮጌው 400? ለውሃ ዳር ወፍ የትኛው ይገዛ

"አቦ፣ የትኛውን ልግዛ?" ሰሞኑን አራት ሰው ጠየቀኝ። አራቱም ያንኑ ቪዲዮ በስልካቸው አሳዩኝ፤ ካሜራው ጨረቃን እየሳበ እየሳበ ጉድጓዷን ሲያሳይ። አራተኛውን ድሬዳዋ ከዚራ ቁጭ ብለን ሳስረዳ ማኪያቶዬ ቀዘቀዘ። ከዚህ በኋላ የሚጠይቀኝ ይህን ያንብብ።

አንደኛው ባለ 83 እጥፉ ዙም ኒከን ፒ900 ነው፤ ሌንሱ ከነካሜራው አንድ ላይ የተሠራ። ሁለተኛው አሮጌ የካኖን ካሜራ ከካኖን 400 ኤፍ 5.6 ሌንስ ጋር ነው (400 ምን ያህል እንደሚስብ፣ 5.6 ምን ያህል ብርሃን እንደሚያስገባ የሚናገር ቁጥር ነው)። ሌንሱ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ ሽማግሌ ነው። ዙም የለውም፣ የእጅ መንቀጥቀጥ ማረጋጊያም የለውም። እኔ የምመርጠው ይሄን ነው። ገለልተኛ መስዬ አላታልላችሁም።

መጀመሪያ ዋጋ። ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ አዲስ ዕቃ ለኔ ቢጤ አይታሰብም፤ የማወራው ስለ ያገለገለ ነው። ለፒ900 የተጠራልኝ 72 ሺህ ብር ነው። ለካኖን 70ዲ ካሜራ ብቻውን 46 ሺህ፣ ለ400ው ሌንስ 84 ሺህ፤ ድምሩ 130 ሺህ። ልዩነቱ 58 ሺህ ብር ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ማንበቡን ያቆማል። አታቁሙ።

እኔም የጀመርኩት በእንዲህ ዓይነት ሁሉን በአንድ ካሜራ ነው። ብራንዱን ልተወው። 55 ሺህ ገዛሁት። አንድ የጥር ጠዋት ሐረማያ ሐይቅ ዳር ተኛሁ፤ ያ ደርቆ የነበረው ሐይቅ ውሃ ከያዘ በኋላ ነው። እግሯ እንደ ቀይ ክር የቀጠነ ወፍ፣ ስቲልት የሚሏት፣ አሥር እርምጃ ያህል ርቀት ላይ መጣች። ካሜራውን ከፈትኩ። ሌንሱ ግማሽ መንገድ ወጣና "ቅጭ፣ ቅጭ፣ ቅጭ" አለ። አይወጣ፣ አይገባ። ወፏ በፊቴ አለፈች፤ ጭቃውን እየወጋች፣ ሳትቸኩል።

ነገሩ አቧራ ነው። ሌንሱ ሲወጣና ሲገባ አየር ይስባል፤ ከአየሩ ጋር የድሬን አቧራ ይስባል። ውስጥ ያሉት ጥርሶች ደግሞ ደቃቅ ፕላስቲክ ናቸው። አዲስ አበባ ላክሁት። ጥገናው 9 ሺህ፣ መላኪያና መመለሻው 800። አራት ወር ሠራና እንደገና ቅጭ ቅጭ። ለመለዋወጫ በ10 ሺህ ሸጥኩት። ደምሩልኝ፤ ኪሳራዬ 54,800 ብር ነው። ከላይ ካየነው ልዩነት የተረፈኝ 3,200 ብር ብቻ! እሷም ለሜሞሪ ሄደች፤ እመለስበታለሁ።

400ው ውስጥ እንዲህ የሚንቀሳቀስ ነገር ጥቂት ነው። ርዝመቱ አይለወጥም፣ ስለዚህ አቧራ እንደ ወናፍ አይስብም። "ማረጋጊያ የለውም እኮ" ይሉኛል። ማረጋጊያ የሚይዘው የናንተን እጅ ነው፣ ወፏን አይደለም። ለምትሮጥ ወፍ በአንድ ሺኛ ሰከንድ (1/1000) ማንሳት አለባችሁ፤ እዚያ ፍጥነት ላይ እጃችሁ ቢንቀጠቀጥም ብዙም አያሳስብም። ብርሃን እንደሆነ በእኛ አገር አይቸግርም።

ስለ 83 እጥፉ ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት በባቡር ጅቡቲ ሄጄ ነበር። ጠዋት ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ከአሸዋው በላይ ያለው አየር እንደ ፈላ ውሃ ይርገበገባል። አብሮኝ የነበረው ልጅ ፒ900 ይዞ ነበር። ሩቅ ያለችውን ወፍ ስቦ አመጣት፣ ግን የመጣችው ቅቤ ላይ የተሳለች መስላ ነው። ይህ የካሜራው ጥፋት አይደለም። የትኛውም ሌንስ የሚርገበገብ አየር አያጠራም። መፍትሔው መቅረብ ነው። ባሕሩ ሲሸሽ ወፎቹ ሩቅ ጭቃው ላይ ይበተናሉ፤ ሲመለስ ውሃው እየገፋ ወደ ዳር ያመጣቸዋል። ቀድማችሁ በሆዳችሁ ተኝታችሁ ጠብቁ። (ወደብና ወታደር ባለበት ግን ሌንስ አታውጡ፤ ማብራሪያ አያስፈልገውም።)

እኔም እንዲያ ተኝቼ ክራብ ፕሎቨር አገኘሁ፤ ሸርጣን የምትበላ፣ ነጭና ጥቁር፣ መንቁሯ ወፍራም። ነጩ ላባዋ በዚያ ፀሐይ ፎቶው ላይ ይቃጠላል፤ መስመሩ ጠፍቶ ነጭ ብቻ ይሆናል። ከኔ ሮው ፋይል ላይ፣ ማለትም ካሜራው ያየውን ሳይቀንስ ካስቀመጠው ጥሬ ምስል ላይ፣ የላባውን መስመር መለስኩ። ፒ900 ጄፔግ፣ ማለትም የተጨመቀውን ምስል፣ ብቻ ነው የሚያስቀምጠው፤ የልጁ ወፍ እንደ ነጭ ወረቀት ቀረች። ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰሩም የምስር ፍሬ ያህል ነው። 7 ፎቶ በተከታታይ ካነሳ በኋላም ቆም ብሎ ያስባል፤ ወፏ ግን አትጠብቅም።

አሁን ሜሞሪዋ። በ3 ሺህ ብር "128 ጊጋ" ገዛሁ፤ የታወቀ ስም ተለጥፎባታል። ውስጧ 16 ብቻ ነበር። 16ቱ ከሞላ በኋላ ያነሳሁት ሁሉ ስሙ አለ፣ ሲከፈት ግን ግራጫ ነው። ሱቁን ስመለስበት "ወንድሜ፣ ኮምፒውተርህ ነው" አለኝ። ሜሞሪ ስትገዙ እስከ ጫፉ ቪዲዮ ሙሉበትና መጨረሻውን ከፍታችሁ እዩ። ባትሪም እንደዚያው ነው። ርካሹ ኮፒ በድሬ ሙቀት ያብጥና ካሜራው ውስጥ ይቀረቀራል፤ በመጥረጊያ እንጨት ያወጣሁበት ቀን አለ።

ያገለገለ 400 ስታገኙ በስልክ መብራት ከኋላ አብሩበትና ከፊት እዩ። እንደ ሸረሪት ድር የሚመስል ነገር ካለ ፈንገስ ነው፤ ጥላችሁት ሂዱ። የድሬ ደረቅ አየር ፈንገስ አያራባም፣ ግን ከባሕር ጠረፍ የመጣ ዕቃ ይዞት ይመጣል። የፀሐይ መከለያው ልል ከሆነ ግድ የለም። የኔን በብስክሌት ካላማዳሪያ ቁራጭ ነው ያጠበቅሁት፤ ወጪው ዜሮ።

ፒ900 ለማን ይሆናል? የወፏን ዓይነት ለይቶ ማወቅ ብቻ ለሚፈልግ፣ ለጨረቃ፣ ከባድ ነገር መሸከም ለማይችል። 130 ሺህ ለሌለው ደግሞ 70ዲ ላይ ካኖን 55-250 የሚባለውን ሌንስ ይግጠም፤ በ18 ሺህ ይገኛል፣ ድምሩ 64 ሺህ፣ ከፒ900 ይረክሳል። ብቻ ካኖን 75-300 የሚባለውን ሌንስ እንዳትነኩ።

400 ያለው ሰው ከ80 ሺህ በታች ካወረደ መጀመሪያ ለኔ ይንገረኝ። ለአራተኛው ጓደኛዬ ቃል ገብቼለታለሁ፤ ማኪያቶውንም እሱ ነው የከፈለው።